ጋሽ ባለበርጩማው ታመዋል፤ ለዘንድሮው የቡና አበባ እንዴት እናድርሳቸው?

የቦዬ ጉማሬ (አወያይ)፣ ጥር 26

የተከበራችሁ የጉዞ ወዳጆች፣

ይህን የምጽፈው በራሳቸው በጋሽ ባለበርጩማው ፈቃድና በልጃቸው ዕውቅና ነው። ከጥቅምት ወዲህ ከእሑድ የእግር ጉዟችን የቀሩት፣ ብዙዎቻችን እንደገመትነው ጉልበታቸውን አሟቸው አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ በሽታው ወደ ጉበታቸው ስለተሰራጨም ከእንግዲህ የሚሰጣቸው ሕክምና ስቃይን የሚያስታግስ እንጂ የሚያድን እንዳልሆነ ሐኪሞቹ በግልጽ ነግረዋቸዋል። የቀራቸው ጊዜ ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው።

በቅርብ ለተቀላቀላችሁ፣ ጋሽ ባለበርጩማው ማለት ባለሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ በገመድ ጀርባቸው ላይ አንጠልጥለው የሚጓዙት ሰው ናቸው። ቀረሮን ከጥቁር እንጨት በቅርፊቱ እንድንለይ ያስተማሩን፣ ቦዬ ረግረግ ዳር ጉማሬ ከውኃ ወጥቶ ሲግጥ በእሱና በውኃው መካከል እንዳንገባ ደጋግመው የተቆጡን እርሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ከጅሬን ግርጌ፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከሸቤና ከጌራ የመጀመሪያው የቡና አበባ የፈነዳበትን ቀን የሚመዘግቡበት ደብተርም አላቸው፤ ግማሾቻችን ወደዚህ የመጣነው ለዚያ ደብተር ቀን ስናቀብል ነው።

ትናንት ልጠይቃቸው ሄጄ «ምን እናድርግልዎ?» ስላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «የዘንድሮውን አበባ አንድ ጊዜ ባሸትት ደስ ይለኛል፤ ለሌላው አትድከሙ» አሉኝ። አበባ የሚመጣው ዝናብ ሲመጣ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ የማንም ታዛዥ አይደለም። ስለዚህ እንድንመካከርበት ይህን የውይይት ክር ከፍቻለሁ።

ከሸገር ጅማዬ፣ ጥር 26

ያነበብኩት ነገር እጅግ አሳዝኖኛል፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ይሁን እንጂ ስለ አበባ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ሕክምናው መነጋገር ያለብን ይመስለኛል። ይህ ሁሉ አባል፣ ውጭ አገር ያለውም ጭምር፣ አቅሙ የፈቀደውን ቢያዋጣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ወስዶ ማሳከም የሚቻል አይመስላችሁም? እኔ መዋጮውን ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።

ሄርማታ ነጋዴ፣ ጥር 27

አላህ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው፣ ለቤተሰቡም ሰብሩን ይስጥ። እኔ በሙያዬ ነጋዴ ነኝና የማውቀውን ልናገር። እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው የሞተን ሰው ነው። ነገ ጋሼ ቢያርፉ፣ ዛሬ ስልክ ለመደወል ጊዜ ያጣን ሰዎች ሁሉ ሥራ ዘግተን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። በሕይወት እያሉ ግማሽ ቀን ልንሰጣቸው ግን እናመነታለን። መኪናዬ ከነሾፌሩ፣ እርሳቸው በፈለጉበት ቀንና ሰዓት ዝግጁ ነው፤ የነዳጁን ነገር ማንም እንዳያነሣብኝ።

ጅሬን ላይ፣ ቤተ መንግሥቱ በረንዳ ሥር አስቀምጠውን ዳግማዊ አባ ጅፋር አርባ ዓመት እንደገዙ የተረኩልን ቀን ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

ቀጥተኛው፣ ጥር 27

ይቅርታ ይደረግልኝና ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛ፣ የታመመ ሰው የበሽታው ስም በሕዝብ ፊት አይወጣም፤ በእኛ ዘንድ እንኳን ለሩቅ ሰው ለባለቤቱም አይነገርም፤ ተስፋውን መቁረጥ ነውና። ሁለተኛ፣ በበሽተኛ ስም ገንዘብ እየተሰበሰበ የት እንደገባ ያልታወቀበትን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ግን የሂሳብ ቁጥር ከመለጠፉ በፊት ቤተሰቡ በራሱ አንደበት ይናገር።

የባለበርጩማው ልጅ፣ ጥር 28

የተከበራችሁ የአባቴ ወዳጆች፣ ይህን የምጽፍበትን ስም ዛሬ የከፈትኩት ለቀጥተኛው መልስ ለመስጠት ነው፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ላይ እኛም ደብቀነው ነበር። አንድ ክሊኒክ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲሰጠው ቆየ፤ እንጀራ መዋጥ ሲያቅተው፣ ከዚያም ውኃ ጭምር ሲተናነቀው ሌላ ቦታ ወስደን በመሣሪያ ሲታይ ነው የታወቀው። ውጤቱን የተቀበልነው እኔና ወንድሜ ነን፤ «ቁስለት ነው» አልነው። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ዱካ ሲያነብ የኖረ ሰው ስለሆነ ከእኛ ፊት ላይ አነበበው። በሦስተኛው ቀን ጠርቶን፣ «መርዶ የሚነገረው ለቀሪ ነው። እኔ መንገደኛው ነኝ፤ መንገደኛ ደግሞ የመነሻውን ሰዓት ካላወቀ ስንቁን አያሰናዳም» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንደብቀው ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ቤታችን ውስጥ እንደ ልብ መነጋገርና መሳቅ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ውጭ አገር መሄድን ከሐኪሞቹ ጋር ተመካክረንበታል። ጉበት ከተነካ በኋላ ቀዶ ጥገና እንደማይጠቅመው ነግረውናል፤ እርሱም በባዕድ አገር አልጋ ላይ መሞት አይፈልግም። ምግብ እንዲያልፍለት ቧንቧው ውስጥ ማስፊያ ቱቦ ገብቶለታል፣ ወጪውንም ቤተሰቡ ችሎታል። ስለዚህ የሂሳብ ቁጥር አይለጠፍም።

ቀጥተኛው፣ ጥር 28

እኅቴ፣ መልስሽ በቂዬ ነው። ከላይ በጻፍኩት አፍሬያለሁ ባልልም ድምፄ ሻካራ እንደነበር አምናለሁ። ወረፋ ለመጠበቅም ሆነ ሌሊት ለማደር ሰው ካስፈለጋችሁ ቤቴ ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም።

ነጭ ጋውን፣ ጥር 29

ነርስ ነኝ፤ በእሑድ ጉዞ ከኋላ የምቀረው እኔ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ጋሼን አይቻቸዋለሁ፤ በልጃቸው ፈቃድ ለጠያቂዎች የሚጠቅመውን ብቻ እጽፋለሁ።

የሞርፊን ሽሮፕ ታዞላቸዋል። ስሙን ሲሰሙ «እንግዲህ አበቃ» ያሉ ዘመዶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ሞርፊን ግን የመጨረሻ ሰዓት ምልክት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ ሲያወጣ ያስቀመጠው ሐሳብ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ በተቻለ መጠን በአፍ ይሰጥ፣ እንደ ሕመሙ ብርታት ደረጃ በደረጃ ይጨመር፣ ሁልጊዜም በሰዓቱ ይወሰድ። ዋናው «በሰዓቱ» የሚለው ነው። ሽሮፑ በየ4 ሰዓቱ የሚወሰደው ሕመሙ እንዳይመጣ ነው እንጂ ከመጣ በኋላ ለማባረር አይደለም። «ቻል አድርገው፣ ሱስ ይሆንብሃል» የሚላቸው ጠያቂ ካለ እባካችሁ በሩ ላይ መልሱት፤ በሐኪም መጠን ለካንሰር ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሰውን ሱሰኛ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፣ እርሱም ይቀንሳል። የማይቀንሰው የሆድ ድርቀት ነው፤ ለዚያም ማለስለሻ አብሮ ታዟል።

በአገራችን ይህ እንክብካቤ አዲስ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርቶ በየቤቱ እየዞረ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ሲጎበኝ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ሥራ የቤተሰብና የጎረቤት ነው፤ እናንተ ማለት ነው።

ስለዚህ ስትመጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ አትቀመጡ። ዳቦና ሥጋ አታምጡ፤ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ሊዘጋባቸው ይችላል። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ወተት ወይም ሾርባ ይበቃል፤ ሲወስዱም ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ከወሰዱ በኋላም ቶሎ ሳይጋደሙ ይሁን። ደግሞም አታልቅሱባቸው ብዬ አላዝዛችሁም፤ ግን እርሳቸው እናንተን ሲያጽናኑ እንዳይውሉ አስቡላቸው።

ባለበርጩማው፣ የካቲት 2

ልጄ እያነበበችልኝ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ እኔ እየተናገርኩ እርሷ እየጻፈች ነው።

ሄርማታ ነጋዴ፣ አርባ ዓመት አላልኩም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት፤ 54 ዓመት ነው። ያን ቀን በረንዳው ሥር ስናገር አንተ በስልክህ ስለ ቡና ዋጋ ትነጋገር ነበር።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሕመሙ አለ፣ ግን ነጭ ጋውን እንዳለችው በሰዓቱ ሲሆን ልክ ያውቃል። የሚከብደኝ የሚያለቅስ ጠያቂና የግድግዳው ቀለም ነው። ቤት ውስጥ ተኝቶ ማየት ያልለመደ ሰው ግድግዳ ይሰለቸዋል። መንገድ ላይ ያያችሁትን ጻፉልኝ። «ደኅና ነው» አትበሉኝ፤ ውኃው የት ደርሷል፣ ምን ወፍ መጣ፣ የትኛው ድልድይ ተሰበረ፣ ይህን ጻፉልኝ።

የጎማ ልጅ፣ የካቲት 3

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። እኛ ዘንድ ቡናው እንቡጡን ቋጥሮ ተቀምጧል፤ ክብሪት ጫፍ የሚያህል አረንጓዴ ሆኖ ደርቋል። ለማታውቁት ባጭሩ፣ የቡና እንቡጥ በበጋው ድርቀት ተኝቶ ይቆያል፤ ደህና ዝናብ ሲያገኝ ነቅቶ ያብጣል፣ ከዝናቡ በኋላ ከ8 እስከ 12 ባለው ቀን ውስጥ ማሳው በአንድ ጧት ይፈነዳል። አበባው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ አይቆይም። ካፊያ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ፈንድቶ ግማሹ ይቀራል፣ ለገበሬውም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ሰዓት እዚሁ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አሥር ቀን የሚሆን የመዘጋጃ ጊዜ ይኖረናል።

የጌራ ጭጋግ፣ የካቲት 4

እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን አበባችን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ያልፈዋል። ጋሼ፣ የጌራን ቀን እንደ ሁልጊዜው እልክልዎታለሁ። ደኑ ውስጥ የጉሬዛ መንጋ ከነግልገሉ፣ ነጭ ሕፃን ይዞ፣ ከወንዙ ማዶ ወደዚህ ተሻግሯል። የእግር ድልድዩ አልተሰበረም፤ አንድ ግንድ ብቻ ተንሸራትቷል፣ እናስተካክለዋለን።

ከሸገር ጅማዬ፣ የካቲት 5

የመዋጮውን ነገር ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ጎማ ከጅማ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጅሬን ግርጌ ግን ቡና ከቤታቸው አጠገብ አለ። ለምን የቅርቡን አንጠብቅም?

የባለበርጩማው ልጅ፣ የካቲት 6

ጥያቄው የእኛም ነው። የቅርቡ ለሰውነቱ ይቀላል፣ ግን ጎማ፣ አጋሮ ዙሪያ፣ ከጅማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀድሞ እንደሚያብብ በደብተሩ ላይ በየዓመቱ ተጽፏል። ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም አሥር ቀን ይቀድማል። አባቴን ስጠይቀው፣ «ቀኑን ማራዘም አልችልም፣ መንገዱን ማራዘም ግን እችላለሁ» አለ። ወስኗል።

የጎማ ልጅ፣ የካቲት 14

ዘንቧል! ሌሊት ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ያለማቋረጥ። ጧት ወጥቼ አፈሩን በባዶ እጄ ቆፈርኩ፣ እስከ መዳፍ ጥልቀት ርሷል። ከየካቲት 22 እስከ 26 ባለው ጊዜ እጠብቃለሁ።

ነጭ ጋውን፣ የካቲት 15

ዛሬ አየኋቸው፤ ክብደታቸው በጣም ቀንሷል፣ ግን አእምሯቸው ንቁ ነው። የምንሄደው በእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ነው። የጧቱ መድኃኒት ከመነሣታችን ከግማሽ ሰዓት በፊት ይሰጣል፣ መንገድ ላይ ሕመም ቢነሣ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠን በእጄ ይሆናል። የፊተኛው ወንበር ተዘርግቶ፣ በትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆማል። ከመኪናው እስከ ማሳው ደግሞ በእግራቸው ልሂድ ቢሉ ማንም እንዳይሰማቸው፤ ወሳንሳ ይዘጋጅ።

ቀጥተኛው፣ የካቲት 15

ወሳንሳውን እኔ እሠራለሁ። ከባሕር ዛፍ ሁለት ረጅም እንጨት፣ መሐሉን በጠፍር። አራት ተሸካሚ፣ አራት ተቀያሪ ያስፈልገናል፤ ቁመታችሁ የተቀራረበ ሰዎች ተመዝገቡ፣ አለዚያ ይዛነፋል።

የቦዬ ጉማሬ (አወያይ)፣ የካቲት 23

የጎማ ልጅ ዛሬ ከሰዓት ደውሎ «ነገ ጧት ነው፣ እንቡጡ ነጥቷል» አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን። የተመዘገባችሁ ብቻ ኑ።

የቦዬ ጉማሬ (አወያይ)፣ የካቲት 25

ትናንት የሆነውን፣ ላልመጣችሁት ብዬ እንደ ጉዞ ዘገባ እጽፈዋለሁ፤ ጋሼ ዘገባ ያለ ሰዓትና ያለ ርቀት ስለማይወዱ እነሱንም እጨምራለሁ።

12 ሰዓት ከ20 ላይ ተነሣን። ማናን እስክናልፍ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተኙ መስሎን ሬዲዮውን ስናጠፋ፣ «ክፈቱት፣ እየሰማሁ ነው» አሉ። አንድ ጊዜ ቆመን ተጨማሪውን መድኃኒት ወሰዱ። 2 ሰዓት ላይ ደረስን። መኪናው ከቆመበት እስከ ማሳው 340 እርምጃ ነው፤ የቆጠሩት ወሳንሳው ላይ ሆነው ራሳቸው ናቸው፣ «የተሸካሚ እርምጃ ግን አጭር ነው፣ 300 በሉት» ብለው አረሙት።

ሽታው ከማሳው በፊት ነው የተቀበለን። የዋንዛውና የሰሳው ጥላ ሥር ቅርንጫፉ ሁሉ ባዘቶ የተጠመጠመበት ይመስል ነበር። ጋሼ ከወሳንሳው አውርዱኝ አሉ። ነጭ ጋውን ተቃወመች፣ እርሳቸውም አልተከራከሯትም፤ በርጩማዬን አምጡልኝ ብቻ አሉ። በርጩማ ደግሞ መደገፊያ የለውም። እኔ ከኋላቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣ ተደገፉኝ። የሰውነታቸው ክብደት ከለመድኩት የጉዞ ሻንጣዬ ያነሰ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፊታቸውን ስላላየሁ ምን እንደተሰማቸው መናገር አልችልም፤ የትንፋሻቸውን ረጅምነት ግን በጀርባዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አዘዙን። አንድ ቅርንጫፍ መርጠን በየአንጓው ያለውን አበባ እንድንቆጥር፣ የመጀመሪያዎቹ ንቦች የመጡበትንም ሰዓት እንድንጽፍ። (2 ሰዓት ከ35። ቡናችን በራሱ ዱቄት ማፍራት ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው እንደሚበረክት ለአሥራ ምናምነኛ ጊዜ አስረዱን።) የጎማ ልጅ እናት ቡና አፍልተው ነበር። ጋሼ ቡናውን መጠጣት አይችሉምና አቦሉ ሲቀዳ ሁላችንም ሲኒያችንን ይዘን ዝም አልን። እናታችን ግን ሳይጨነቁ ጣታቸውን በሲኒው ነክረው ከንፈራቸውን አረጠቡላቸው፤ እኛ የምናውቀው ዘዴ አልነበረም።

ከ50 ደቂቃ በኋላ ደከማቸው። 5 ሰዓት ላይ ቤታቸው ነበርን።

ባለበርጩማው፣ የካቲት 27

ጎማ፣ የካቲት 24፣ ዝናብ ከጣለ በ10ኛው ቀን፣ ሙሉ አበባ። ተመዝግቧል። ወሳንሳው በስተግራ በኩል ይዛነፋል፤ ቀጥተኛው ስሙን ይመስል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ነጭ ጋውን፣ መጋቢት 8

ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂ እንዳይመጣ ቤተሰቡ ጠይቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛሉ። የሌሊቱን ተራ ቀጥተኛውና ሄርማታ ነጋዴ ተከፋፍለውታል። መልእክት ካላችሁ እዚህ ጻፉ፣ ጆሯቸው ላይ ይነበብላቸዋል።

የባለበርጩማው ልጅ፣ መጋቢት 15

አባታችን መጋቢት 11 ሊነጋጋ ሲል፣ በቤቱ፣ ሳይጨነቅ ዐረፈ። እድሩም ጎረቤቱም እናንተም የሚገባውን ሁሉ አድርጋችኋል፤ ብድራችሁን ይክፈልልን። የተረፈውን መድኃኒት ነጭ ጋውን ወደ ፋርማሲው መልሳዋለች፤ ወሳንሳው ደግሞ እኛ ግቢ ነው ያለው፣ ለሌላ ሰው ሲያስፈልግ ውሰዱት።

ዛሬ ደብተሩን ከፈትኩት። የጎማ፣ የማና፣ የጅሬንና የሸቤ ቀን ተጽፏል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በእኔ እጅ፣ እርሱ እየነገረኝ። የጌራ መስመር ባዶ ነው።

የጌራ ጭጋግ፣ መጋቢት 19

እኅቴ፣ ነፍስ ይማር። ዝናብ የጣለው መጋቢት 9 ሌሊት ነው። ዛሬ መጋቢት 19 ጧት ወንዙ ዳር ያለው ማሳ ሙሉ በሙሉ ፈንድቷል፣ ላይኛው ግማሽ በግማሽ ነው። የመጀመሪያው ንብ 3 ሰዓት ከ10 ላይ መጥቷል፤ ብርድ ስለነበር ዘግይቷል። የድልድዩን ግንድ አስተካክለነዋል።

የባለበርጩማው ልጅ፣ መጋቢት 19

ጌራ፣ መጋቢት 19፣ በ10ኛው ቀን። ተመዝግቧል። የላይኛው ማሳ ሲሞላ ደግሞ ቀኑን ላኩልኝ።